የማርስን ድንጋይ በስርጉዱ መለየት

መጀመሪያ ይህን ቁጥር ያዙልኝ፦ ኤፍ.አር.ቲ. 000047ኤ3። የአንድ ምስል መለያ ነው። ምስሉን ያነሳው ማርስ ሪኮነሰንስ ኦርቢተር ከምትባለው መንኩራኩር ጋር የሄደው ክሪዝም የሚባል መሣሪያ ነው። የሚያሳየው ማርስ ላይ ያለውን ጄዜሮ የተባለ ሰፊ ጉድጓድ፣ በተለይ በምዕራብ ጠርዙ በኩል የጥንት ወንዝ ገብቶ ደለሉን የዘረገፈበትን ቦታ ነው። ፋይሉ ነፃ ነው፣ ማንም ያወርደዋል። ዛሬ የማሳያችሁ ያንን ፋይል ከፍታችሁ «እዚህ ጋ ያለው ድንጋይ ምንድነው?» ለሚለው ጥያቄ ራሳችሁ እንዴት መልስ እንደምትፈልጉ ነው።

ዲግሪ አይጠይቅም። ላፕቶፕ፣ ትዕግሥትና ጥርጣሬ ያስፈልጋል። ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚያንሰው ጥርጣሬው ነው፣ ስለዚህ ከጽሑፉ ብዙውን ቦታ የሰጠሁት ለእሱ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያው ምን ያደርጋል?

ቤት ውስጥ የተረሳ ሲዲ አይጠፋም። የመዝሙር ይሁን የሠርግ ቪዲዮ ለውጥ የለውም። ማታ መብራት ስር ያዙትና ዘንበል ዘንበል አድርጉት። ቀስተ ደመና ይወጣል። ሲዲው ላይ ዓይን የማይለያቸው በጣም የተጠጋጉ መስመሮች አሉ፤ ብርሃኑን በየቀለሙ የሚበትኑት እነሱ ናቸው። አሁን ደግሞ መብራቱን ቀይሩ። የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ከሆነ ቀለሞቹ አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዘው ይወርዳሉ። ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት ከሆነ ግን ቀለሞቹ ተለያይተው ይታያሉ፣ መሃል መሃላቸው ጨለማ ነው። ለዓይናችን ሁለቱም ነጭ መብራት ናቸው። ሲዲው ግን ለያቸው።

ክሪዝምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በቴሌስኮፑ የገባው ብርሃን በጣም ቀጭን በሆነች ስንጥቅ ያልፋል። ስንጥቋ በአንድ ጊዜ ከማርስ መሬት አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው የምታስገባው። ከዚያ ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ ተበትኖ ዳሳሹ ላይ ያርፋል፤ በዳሳሹ አግድም ቦታው፣ በቁመቱ ደግሞ ቀለሙ ይመዘገባል። መንኩራኩሯ ወደፊት ስትጓዝ፣ ሸማኔ ማጉን እየወረወረ ጋቢውን እንደሚያረዝም፣ መስመር በመስመር ላይ እየተጨመረ ምስል ይሆናል። መንኩራኩሯ በጣም ስለምትፈጥን ምስሉ እንዳይንሻፈፍ ክሪዝም አንገቱን እያዞረ የሚፈልገውን ቦታ ይከተል ነበር። በዚህ ዘዴ አንዷን ፒክስል መሬት ላይ እስከ 18 ሜትር ገደማ አጥብቧታል።

የስልካችሁ ካሜራ ለእያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ቁጥር ይይዛል፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ክሪዝም 544 ቁጥር ይይዛል። ከ0.36 ማይክሮሜትር (አንድ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ይጀምርና ዓይን ከሚያየው ብርሃን አልፎ እስከ 3.92 ማይክሮሜትር ድረስ ወደ ኢንፍራሬድ ይገባል። የማዕድኖች ምሥጢር ያለው በአብዛኛው እዚያ ዓይናችን በማይደርስበት በኩል ነው።

መሣሪያውን የሠራው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአፕላይድ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ነው። መንኩራኩሯ በኦገስት 2005 ተነስታ በማርች 2006 ማርስ ደረሰች። ኢንፍራሬዱን የሚያየው ዳሳሽ እንዲሠራ መቀዝቀዝ ነበረበት፤ ሦስት ማቀዝቀዣዎች በየተራ አገለገሉት፣ የመጨረሻው በ2017 አበቃለት። ክሪዝም ራሱ በ2023 ተዘጋ። የሰበሰበው ግን ሁሉም ተቀምጧል። ገና በደንብ ያልታየም ብዙ አለ፣ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ስርጉዱ

የአንዲት ፒክስልን ቁጥሮች በግራፍ ስታወጡ መስመሩ ወጣ ገባ ይላል። አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ ጉንጭ ስርጉድ ገባ ያለ ነገር ታያላችሁ። እዚያ ላይ ድንጋዩ ብርሃኑን ውጦታል ማለት ነው። ምን ያህል የሞገድ ርዝመት ላይ እንደዋጠው ካወቃችሁ ድንጋዩ ከምን እንደተሠራ ወደ ማወቁ ትጠጋላችሁ።

ለምን ይውጣል? ጀበናን አስቡ። ሸክላ ሠሪዋ የምታቦካው ጭቃ ውስጥ ውሃ በሁለት መልክ ይኖራል። አንደኛው የሚያረጥበው ውሃ ነው፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይሄዳል። ሁለተኛው ውሃ እንኳን አይባልም፤ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ተጣምረው ከአሉሚኒየም፣ ከብረት ወይም ከማግኒዥየም ጋር ተሳስረው የማዕድኑ አካል ሆነዋል። እሱን ፀሐይ አያወጣውም። እሳት ያስፈልገዋል። ያልበሰለ ጀበና ውሃ ቢሞሉበት ይሟሟል፣ የበሰለው ግን አይሟሟም፤ በመሃል ያ ጥንድ ወጥቶ ማዕድኑ ሌላ ነገር ሆኗል። ጥንዱ ማዕድኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ይንቀጠቀጣል፣ ሲንቀጠቀጥም ከእንቅጥቅጡ ጋር የሚገጥመውን ብርሃን ይውጣል። ስርጉዱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ማርስ ላይ ይህን ስርጉድ የያዘ ሸክላ ስታገኙ ሁለት ነገር ታውቃላችሁ፦ ሲፈጠር ውሃ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጀበና የሚያበስል እሳት አላገኘውም።

አሁን ቁጥሮቹ። በቃል መያዝ አያስፈልግም፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ላፕቶፑ ጎን ለጥፉት።

1.9 ማይክሮሜትር ላይ ስርጉድ ካለ ማዕድኑ ውስጥ ሙሉ የውሃ ሞለኪውል አለ። 1.4 ላይ ከሆነ ከላይ ያልኩት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ነው፤ ውሃም እዚያው ይገባል። 2.2 ላይ ከሆነ ጥንዱ የተያያዘው ከአሉሚኒየም ጋር ነው፤ ጎን ለጎን 2.16 እና 2.21 ላይ ሁለት ሆኖ ከወጣ ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ ነው። ወደ 2.3 ከተጠጋ ብረት ወይም ማግኒዥየም ነው፤ 2.29 ወደ ብረቱ፣ 2.31 ወደ ማግኒዥየሙ ያደላል። 2.31 እና 2.51 ላይ ጥንድ ሆነው ከመጡ ካርቦኔት ነው፣ የኖራ ድንጋይ ዘመድ። 1.9 እና 2.4 አብረው ከመጡ ውሃ የበዛበት ሰልፌት፣ የጀሶ ዘመድ፤ 2.1 እና 2.4 ከመጡ አንድ ሞለኪውል ውሃ ብቻ የቀረው ሰልፌት።

እሳተ ገሞራ ያወጣው ድንጋይ ስርጉዱ ጠባብ አይደለም፣ ሰፊ ገበቴ ይመስላል። ኦሊቪን 1 ማይክሮሜትር አካባቢ አንድ ሰፊ ገበቴ አለው። ፓይሮክሲን ደግሞ ሁለት፣ አንዱ 1 አካባቢ፣ ሌላው 2 አካባቢ። የእኛን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ እነዚህኑ ማዕድኖች የያዘ ነው፤ የማርስም መሬት አብዛኛው ባዛልት ነው።

ፋይሉን ማግኘትና መክፈት

በሴንት ሉዊስ ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለናሳ የፕላኔቶችን መረጃ ያስቀምጣል። ኦርቢታል ዳታ ኤክስፕሎረር የሚባለውን ገጻቸውን ፈልጉና ማርስን፣ ከዚያ ክሪዝምን ምረጡ፣ ያንን የምስል መለያ አስገቡ። ብዙ ዓይነት ፋይል ይዘረዝርላችኋል። ለጀማሪ የሚሆነው ኤም.ቲ.አር.ዲ.አር. የሚባለው ነው፤ የአየሩ ተጽዕኖ ተቀንሶለት፣ ሁለቱ ዳሳሾች (አንዱ ለሚታየው ብርሃን፣ አንዱ ለኢንፍራሬዱ) ተጋጥመውለት፣ ካርታ ላይ ተስተካክሎ የተቀመጠ ነው።

ዋናው ፋይል ከባድ ነው፣ ከአንድ ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ዳታ በፓኬጅ የምትገዙ ከሆነ ለሌሊት አቆዩት። እስከዚያው ከጎኑ ያሉትን ትንንሽ ባለቀለም ምስሎች አውርዱ። የቡድኑ ሰዎች አስቀድመው ስርጉዶቹን ለክተው በቀለም አስቀምጠዋቸዋል። ፒ.ኤች.ዋይ. የተባለው ሸክላ ማዕድኖችን ያሳያል፦ ቀይና ሮዝ የሆነው በ2.3 ወገን፣ አረንጓዴው በ2.2 ወገን፣ ሰማያዊው ሌላ ውሃ ያለበት ነገር። ኤም.ኤ.ኤፍ. የተባለው ደግሞ የእሳተ ገሞራውን ወገን ነው፤ ቀዩ በአብዛኛው ኦሊቪን ነው። ቀለሞቹን እንደ ጥቆማ ብቻ ውሰዷቸው። ማስረጃው ግራፉ ነው።

ዋናው ፋይል ሲወርድ ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ላይ ስፔክትራል የሚባል ነፃ ጥቅል ጫኑ። ከምስሉ ጋር የሚመጣውን ትንሹን የራስጌ ፋይል ስጡት፣ ሁሉንም በአንድ መስመር ይከፍተዋል። ኮድ የማይወድ ሰው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ጄማርስ የሚባል ፕሮግራም ይጠቀም፣ እሱም ነፃ ነው። ፓይተን ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ 65535 የሚል ቁጥር ካያችሁ ልኬት አይደለም፣ «እዚህ መረጃ የለም» ማለት ነው። ሳታወጡት አማካይ ብትሠሩ ግራፉ ጣሪያ ይነካል።

ማካፈል

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ፒክስል ትመርጣላችሁ፣ ግራፉን ታወጣላችሁ፣ የሚታየው የተንቀጠቀጠ መስመር ብቻ ነው። ስርጉድ የለም። ቢኖርም ጥልቀቱ ጥቂት በመቶ ስለሆነ ሁካታው ውስጥ ሰጥሟል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአንዲት ፒክስል በፍጹም አትፍረዱ። ተመሳሳይ ቀለም ካለበት ቦታ ቢያንስ አምስት በአምስት የሆነ ካሬ ውሰዱና አማካዩን ሥሩ። ብዙ ፒክስል ሲደመር በዘፈቀደ የሚወጣና የሚወርደው ይጣፋል፣ እውነተኛው ይቀራል።

ሁለተኛው ማካፈል ነው። የምትጠረጥሩትን ቦታ አማካይ ተካፋይ አድርጉት። ከዚያው ምስል ምንም የተለየ ነገር የማይታይበት፣ አቧራ የለበሰ ቦታ ፈልጉና የእሱን አማካይ አካፋይ አድርጉት። ስታካፍሉ ለሁለቱም የጋራ የሆነው ሁሉ፣ የአየሩ ቅሪት፣ የመሣሪያው ጠባይ፣ የአቧራው ቀለም፣ እርስ በርሱ ይጣፋል። የተለየው ብቻ ይቀራል። የጄዜሮን ደለል በዚህ መንገድ ስታወጡ፣ ሁካታ የነበረው መስመር ላይ 1.9 እና 2.3 ጋ ገባ ያሉ ሁለት ስርጉዶች ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ ብዙ ደቂቃ ተቀምጫለሁ። ከቢሊዮኖች ዓመታት በፊት ውሃ ውስጥ የነበረ ጭቃ ነው፣ እናም ቤቴ ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

አካፋዩን ከየት ትወስዳላችሁ? ምስሉ ካርታ ላይ ከመስተካከሉ በፊት በነበረው ቅርጹ ከአንድ ዓምድ መሆን አለበት። ስንጥቋን አስታውሱ። የምስሉን አንድ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ያነበቡት የዳሳሹ ያው ዓይኖች ናቸው፣ ስለዚህ ስሕተታቸውም አንድ ነው። ከሌላ ዓምድ ብትወስዱ የሁለት ዓይኖችን ስሕተት ታደባልቃላችሁ። ኤም.ቲ.አር.ዲ.አር. ካርታ ላይ ስለዞረ ዓምዱ ትንሽ ያዘመመ ነው፤ የምስሉን ጠርዝ ዝንባሌ ተከተሉ።

ሌላው ወጥመድ አካፋዩ ራሱ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። በጀመርኩ ሰሞን ጠቆር ያለና ለስለስ ያለ ሜዳ አገኘሁና አካፋይ አደረግኩት። ግራፉ 1 ማይክሮሜትር ጋ ትልቅ ጉብታ አወጣ። የትኛው ማዕድን ጉብታ እንደሚያወጣ ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግኩ። ሜዳው ኦሊቪን የበዛበት አሸዋ ነበር። የአካፋዩ ገበቴ ተገልብጦ ጉብታ ሆኖብኝ ነው። ከዚያ ወዲህ የአካፋዩን ግራፍ ለብቻው ሳላወጣ አንድም ነገር አላካፍልም። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ አካፋዮችን ሞክሩ፤ አካፋዩ ሲቀየር የሚጠፋ ስርጉድ የተካፋዩ አልነበረም።

ጥርጣሬ

መሣሪያው ራሱ የሚፈጥራቸው ስርጉዶች አሉ። 1 ማይክሮሜትር ላይ ሁለቱ ዳሳሾች ይጋጠማሉ፣ መጋጠሚያው ይታያል። 1.65 ላይ የዳሳሹ ማጣሪያዎች ይገናኛሉ፣ እዚያም ዝላይ አለ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ የምታዩትን ማንኛውንም ሹል ነገር እለፉት።

ከሁሉ የከፋው ግን 2.0 ነው። የማርስ አየር አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ እሱም 2.0 አካባቢ ሦስት ተያያዥ ስርጉዶች አሉት። ቡድኑ ይህን የሚያስወግድበት ዘዴ ደስ ይላል። ኦሊምፐስ ሞንስ ከግርጌው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ያለ እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉን ያያሉ፣ ግርጌውን ያያሉ፣ ያካፍላሉ። ድንጋዩ ተመሳሳይ ስለሆነ ይጣፋል፣ የሚቀረው በመሃል ያለው አየር ብቻ ነው። ያንን የአየር ግራፍ ከሌሎቹ ምስሎች ላይ እያመጣጠኑ ይቀንሱታል። ዘዴው ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አያጸዳም። 2.0 ላይ የሚቀር ፍርፋሪ አለ። 2.1 ላይ ሰልፌት አገኘሁ የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ ፍርፋሪው አለመሆኑን አረጋግጡ፤ የእውነተኛው ሰልፌት ስርጉድ ሰፋ ያለ ነው፣ 2.4 ላይ ያለው ጓደኛውም አብሮት ይመጣል።

ባለሙያዎችም እዚህ አካባቢ ተቸግረዋል። በ2015 ማርስ ላይ በየወቅቱ እየጠቆሩ ከዳገት ወደ ታች የሚረዝሙ መስመሮች ላይ ውሃ ያዘሉ ጨዎች፣ በተለይ ፐርክሎሬት፣ እንዳሉ ከክሪዝም መረጃ ተነስቶ ተዘገበ። ዓለም ሁሉ «ማርስ ላይ የሚፈስ ውሃ» ብሎ አወራው። በ2018 ኤለን ሊስክና ባልደረቦቿ ሌላ ነገር አሳዩ። ፋይሎቹን ከሁካታ የሚያጸዳው ሂደት ራሱ፣ ጥቂት ፒክስሎች ላይ 1.9 እና 2.1 አካባቢ ስርጉድ የሚመስል ነገር ይፈጥራል። ፐርክሎሬት የሚመስለው እሱ ነው። ከምሥራቹ ይልቅ ይህኛው ሥራ ነው ለእኔ ትልቅ ትምህርት የሆነኝ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ ያልጸዳውን ፋይል ከፍተው፣ ስርጉዱ እዚያም መኖሩን ፈተሹ።

ስለዚህ አንድ ነገር ስታገኙ እንዲህ ጠይቁ። ያልጸዳው ፋይል ላይም አለ? ፒክስሎቹ ተያይዘው አንድ ቦታ ላይ ነው ያሉት ወይስ እንደ ተበተነ ጤፍ እዚህም እዚያም? የዚያው ቦታ ሌላ ቀን የተነሳ ምስል ላይስ? በመጨረሻም መሬቱን እዩት። ይህችው መንኩራኩር ሃይራይዝ የሚባል በጣም ስለታም ካሜራ አላት፣ ፒክስሉ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሸክላ ነው ያላችሁት ቦታ በሃይራይዝ ላይ ከአካባቢው የተለየ ድንጋይ ሆኖ፣ ንብርብር ወይም ስንጥቅጥቅ ብሎ ከታየ፣ ጥርጣሬያችሁን ትንሽ ማላላት ትችላላችሁ። ወሰኑ ከድንጋዩ ወሰን ጋር የማይገጥም ግኝት ግን እኔ አላምንም።

ጄዜሮን መለማመጃ እንድታደርጉት የመረጥኩትም መልሱን የሚነግራችሁ ስላለ ነው። ክሪዝም እዚያ ሸክላ፣ ካርቦኔትና ኦሊቪን ማሳየቱ ቦታው ለማረፊያ እንዲመረጥ ከረዱት ነገሮች አንዱ ነው። ፐርሲቪራንስ የምትባለው ሮቨር በፌብሩዋሪ 18, 2021 እዚያ አረፈች። ጉድጓዱ ወለል ላይ ሴይታህ በተባለው ቦታ ድንጋዩን በቅርብ ስታየው ኦሊቪን የበዛበት የእሳተ ገሞራ ወገን ሆኖ ተገኘ፣ ውሃ ነክቶት ካርቦኔት ያወጣ። ከላይ ሆኖ የታየው ስርጉድ ታች ወርዶ ተረጋገጠ።

የማያየው

ክሪዝም ገበታ ላይ ያለውን ጨው አያየውም። ንጹሕ አሞሌ ጨው ውስጥ ውሃም የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድም የለም፤ እስከ 2.5 ማይክሮሜትር ድረስ ያለው ግራፉ ልሙጥ ነው። ማርስ ላይ ክሎራይድ ጨው ያለባቸው ቦታዎች መጀመሪያ የተገኙት በሌላ መንኩራኩር፣ ሙቀት በሚያነብ መሣሪያ ነው። ኳርትዝም እንደዚሁ ይደበቃል። ስርጉድ የለም ማለት ማዕድን የለም ማለት አይደለም።

ሌላው፣ ብርሃኑ የሚነካው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ቀጭን የአቧራ ሽፋን ካለ የምታነቡት አቧራውን ነው፣ ማርስ ላይ ደግሞ አቧራ የሌለበት ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የስርጉዱ ጥልቀት ደግሞ መጠን አይደለም። የድንጋዩ ቅንጣት ሲደቅና ሲጎላ፣ ጠቆር ካለ ነገር ጋር ሲደባለቅ ጥልቀቱ ይቀየራል። «ሸክላ አለ» በሉ፣ «30 በመቶ ሸክላ ነው» አትበሉ።

ሌላ ዓለም፣ ከዚያ ዳሎል

ይህን ከለመዳችሁ ሌሎቹ መሣሪያዎች አይከብዷችሁም። ጨረቃን ያየው ኤም ኪዩብ በ2008 በህንዷ መንኩራኩር በቻንድራያን 1 ላይ ሄዶ 3 ማይክሮሜትር አካባቢ የውሃና የጥንዱን ስርጉድ አሳይቷል፤ እዚያ የሚያስቸግረው የጨረቃ መሬት ሲሞቅ ራሱ ኢንፍራሬድ አውጥቶ ስርጉዱን መሙላቱ ነው። ካሲኒ በተባለችው መንኩራኩር ላይ የነበረው ቪምስ የሳተርን ጨረቃ በሆነችው በቲታን ጭጋግ ውስጥ ሜቴን ብርሃን በሚያሳልፍባቸው ጥቂት ክፍተቶች ብቻ እያየ መሬቱን አውጥቷል። ዶውን በተባለችው መንኩራኩር ላይ የነበረው ቪር ሴሬስ በተባለችው ድንክ ፕላኔት ላይ ኦካተር ጉድጓድ ውስጥ ያለው ብሩህ ነጭ ነገር በአብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔት መሆኑን ለየ። በኦክቶበር 2024 የተነሳችው መንኩራኩር ዩሮፓ ክሊፐርም እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዛ ነው የሄደችው፣ ጁፒተር የምትደርሰው በ2030 ነው።

እኔ ግን ከጄዜሮ ቀጥሎ ወደ አገር ቤት ብትመጡ እመርጣለሁ። ከ2022 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ኤሚት የሚባል የናሳ መሣሪያ አለ። የክሪዝም ታናሽ ወንድም በሉት፤ ከ0.38 እስከ 2.5 ማይክሮሜትር፣ 285 ቀለም፣ ፒክስሉ 60 ሜትር። ሥራው አቧራ የሚነሳባቸውን ደረቅ አገሮች ማዕድን መለየት ነው። ፋይሉ በነፃ ነው፣ የናሳ ኧርዝዴታ ላይ አካውንት መክፈት ብቻ ይጠይቃል። የዳናኪልን ዝቅተኛ ቦታ ካርታው ላይ ምረጡና ደመና የሌለበትን ቀን ፈልጉ።

እዚያ ስትገቡ የሚገርማችሁ ነገር 1.4 እና 1.9 አለመኖራቸው ነው። የእኛ አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት እነዚያን ሁለት ቦታዎች ሙሉ በሙሉ ይውጣቸዋል፣ ፋይሉም ላይ ባዶ ናቸው። የማርስ አየር ስስና ደረቅ ስለሆነ ውሃን የሚያሳየውን ዋናውን ስርጉድ ከራሳችን ምድር ይልቅ ማርስ ላይ በቀላሉ እናነበዋለን። ስለዚህ ዳናኪል ላይ ሌላ ምልክት ትይዛላችሁ። ጀሶ፣ ጂፕሰም ማለቴ ነው፣ 1.75 እና 2.2 ላይ ይታያል። የጥንት ባሕር ትቶት የሄደው የኮራል ኖራ ድንጋይ ዳርቻው ላይ አለ፣ የሱ ስርጉድ 2.34 ላይ ነው። መሃል ላይ ያለው የጨው ሜዳ፣ ደረቁ፣ ልሙጥ ሆኖ ያልፋል።

አካፋያችሁን ከዚያ ልሙጥ ጨው ውሰዱ። ተካፋዩን ከዳርቻው። መጀመሪያ ግን የጨዉን ግራፍ ለብቻው አውጡትና እውነት ልሙጥ መሆኑን እዩ፤ ዝናብ ዘንቦበት ወይም ጀሶ ተደባልቆበት ከሆነ ሌላ ቀን የተነሳ ምስል ፈልጉ።